ሞተሯ ከወንበር ጀርባ

መኪና አልወድም። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ የምወደው የተዘጋ ነገር ተከፍቶ ማየት ነው፤ ሬዲዮም ይሁን፣ የበር ቁልፍም ይሁን፣ የዶሮ ሆድም ይሁን። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ መሰናዶ የማያስገባ ሲሆን እናቴ ከቡራዩ ሰበታ አጎቴ ዘንድ ላከችኝ። «እዚያ የሚፈታ ነገር አታጪም፤ የኔን የግድግዳ ሰዓት ብቻ ተይልኝ» ብላ ነው የሸኘችኝ።

የአጎቴ ጋራዥ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አጥሩ እንጨት ነው። መሬቱ ደግሞ ስንት ዘመን የሞተር ዘይት የጠጣ ጥቁር አፈር፤ ክብሪት ቢወድቅበት ማን ይመልሰዋል ብዬ የማስበው ገና መንገድ የሚዘጋበት ሁከት ሳይመጣ ጀምሮ ነው። ግቢውን የሚያከራዩን ሽማግሌ ከአጥሩ ጀርባ ድርቆሻቸውን ይከምራሉ። ማሳቸው ላይ ፋብሪካ ስለተሠራ የቀሯቸው ጥቂት ላሞችና ያ ድርቆሽ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ ብቻ ይላቸው ነበር፤ እኛም እንደዚያው።

አጎቴ የሚሠራው ሚኒባስና የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ያቺ ቀይ ነገር በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተጭና ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ የት እንደምትወርድ ነበር። በጣም ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። ሁለት ወንበር ብቻ አላት። አብሯት የመጣው ባለቤቷ ወላጆቹ ከአዲስ አበባ ወጥተው ሱሉልታ አዲስ ቤት የገቡ ጎረምሳ ነው። ከተጂ ሲመለስ እንፋሎት ለቅቃ ቆመችበት።

አጎቴ እጁን በጨርቅ ጠርጎ የፊቱን ኮፈን ከፈተና ወደ ውስጥ አጎነበሰ። መለዋወጫ ጎማ አለ፣ ራዲያተር አለ፣ ሞተር የለም። ሚኒባሳቸውን ለማሠራት የተቀመጡ ሹፌሮች ተነስተው ከበቡ።

«ጋሼ፣ ሀብታም ያለ ሞተር ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ አንዱ።

«ሞተሩን ቤት ትቶት መጥቶ ነው» አለ ሌላው።

ጎረምሳው ፊቱ ቀላ። ከወንበሩ አጠገብ አንድ ነገር ሳበ፤ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ክዳን ጠቅ አለ። ሞተሩ እዚያ ነበር። ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተደበቀ ሌባ በጎኑ ተኝቶ፣ ዙሪያውን ቱቦና ሽቦ ጠምጥሞ። ጎንበስ ብዬ እስኪበቃኝ አየሁት።

«ለምንድን ነው እዚህ የከተቱት?» አልኩት።

«ክብደቷ መሃል እንዲሆን ነው። ኩርባ ላይ አትንሸራተትም።»

«ሰበታ ምን ኩርባ አለ?»

«ሱሉልታ አለ» አለ፣ ተቀይሞ።

ያን ቀን ማታ ስተኛ ገባኝ። ቡራዩ ውሃ ስንቀዳ ጄሪካኑን በእጄ ካንጠለጠልኩት፣ እኔ ስዞር እሱ አልዞርም ብሎ ይጎትተኛል። ወገቤ ላይ ካሰርኩት ግን እንደ ልቤ እዞራለሁ። መኪናዋም ሞተሯን ያዘለችው ለዚያ ነው። ያልነገሩን ነገር ግን አለ፤ ያዘልሽውን ጄሪካን ራስሽ መክፈት አትችዪም። ሌላ ሰው ከጀርባሽ ቆሞ መታገል አለበት። ያ ሌላ ሰው እኛ ሆንን።

እንዴት እንደሚያስቸግር ልንገራችሁ። ሚኒባስም ቢሆን ሞተሩ ከወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን ብድግ ታደርጊና ፊት ለፊትሽ ቁጭ ይላል። የዚችኛዋ ሞተር ግን በወንበሩ በኩል ያለውን ጎኑን ዓይን አያየውም። እጅ ብቻ ነው የሚገባው፣ እሱም ትንሽ እጅ። አጎቴ «እጅሽን ስጪኝ» ይለኝ ነበር፣ ካቻቪቴ አቀብዪኝ እንደሚለው። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ አወራለታለሁ።

«ብሎን አለ። ራሱ ወደ ላይ ነው።»

«ከጎኑስ?»

«ቱቦ። ደርቋል፤ እንደ ቆሎ ነው የሚንኮሻኮሸው።»

ያደረቀው ቱርቦው ነው። ቱርቦን ከጭነት መኪና አውቀዋለሁ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ ትንሽ መዘውር ያሽከረክርና ያ መዘውር ተጨማሪ አየር ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ጋራዥ ሲገቡ ሞተሩን ወዲያው አያጠፉም። ሰላምታ እስኪለዋወጡ ድረስ እንደበራ ይተዉታል፣ ቱርቦው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳያርር። የጭነት መኪና ቱርቦ ግን ከፊት ነው፤ ነፋስ ያገኘዋል። የዚች ቱርቦ ታፍኖ የተቀመጠ ምድጃ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠብሳል። የፈነዳውም ቱቦ እሱ የጠበሰው ነበር።

አጎቴ ከሚኒባስ ቱቦ ቆርጦ ተካው። ከዚያ እሱም የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። የሞቀ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው ወደ ራዲያተሩ መንገድ የምትከፍተዋን፣ በመዳፍ የምትያዘዋን ትንሽ በር። «ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። እዚህ መንገድ ከመዝጋት በቀር ሥራ የለውም» ይላል። ለሚኒባስ ሁልጊዜ ሠርቶለታል። እኔ የተጣለችውን አንስቼ ኪሴ ከተትኳት፤ መጫወቻ መስላኝ ነው።

ውሃ ሞላን፣ አስነሳናት። ከበፊቱ ብሶባት ፈላች። ደግመን ሞላን፤ ደግማ ፈላች። «ጋስኬቷ ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለ አጎቴ። የዚችን ሞተር ማውረድ ደግሞ መኪናዋን ከላይ አንጠልጥሎ በሥሯ ማውጣት ይጠይቃል። የምናንጠለጥልበት የለንም። መኪናዋ ባለችበት ቀረች፣ ጎረምሳውም ሱሉልታ ሄደ።

መንገዱ መዘጋት የጀመረው ያኔ ነው። ማስተር ፕላን የሚለውን ቃል እንግሊዝኛ የማያውቁ አሮጊቶች ሳይቀሩ ይሉት ጀመር። አዲስ አበባ እየሰፋች ወደኛ ልትመጣ ነው፣ መሬት ሊሄድ ነው፤ ወሬው እሱ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጠዋት አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ወታደር መጥቶ ያነሳዋል፣ ከሰዓት ተመልሶ ይደረደራል። ኢንተርኔት ጠፋ። በፋብሪካዎቹ በኩል ጢስ የወጣ ቀን አጎቴ ደጅ ቆሞ ሲያይ ቆየና ተመልሶ ቀይዋን መኪና ሸራ አለበሳት። ስህተት ነበር። በሸራ የተሸፈነ ነገር የበለጠ ያስወራል።

አንድ ጠዋት ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ገቡ።

«አካም ቡልተኒ?» አሉ፣ እንደምን አደራችሁ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ኦቦ። ይቀመጡ» አለ አጎቴ።

«አልቀመጥም። መንገድ የሚዘጉት ልጆች ስለ ቀይዋ መኪና ይጠይቃሉ። የኢንቨስተር ናት፣ ደብቀውለታል ይላሉ።»

«የኢንቨስተር አይደለችም። የአንድ ጎረምሳ ናት።»

«አንተ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። እሳት ግን አያውቅም።» በአጥሩ ላይ አሻግረው ድርቆሻቸውን አዩ። «ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ ትውጣ።»

ከወጡ በኋላ አጎቴ ግቢውን ዞሮ አየ። የሰው ሚኒባሶች፣ የእንጨቱ አጥር፣ ዘይት የጠጣው መሬት፣ ከኋላ ድርቆሽ። መኪናዋ እዚህ እያለች ከተቃጠለች የሚተርፍ ነገር የለም። የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጭናችሁ አውጡልኝ ብሎ ለመነ። አንዱ «ጋሼ፣ የኢንቨስተር ዕቃ ላሸሽ ነው ብለው ከነመኪናዬ ነው የሚያነዱኝ» አለው። ሌላው ስልኩን አላነሳም። ስለዚህ ወይ በራሷ ጎማ ትሄዳለች፣ ወይ ትቀመጣለች።

ያን ዕለት ከሰዓት አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እኔ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ቴርሞስታት እያገላበጥኩ ነበር። የሚኒባሱን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይቺኛዋ ከላይ አንድ ሰሃን አላት፤ ከታችም ሌላ ትንሽ ሰሃን ተሰክቶባታል። የታችኛው ለምንድን ነው? ወጥ ቤት ገብቼ የሚፈላው ሻይ ውስጥ ጣልኳት።

የአጎቴ ሚስት በትከሻዬ አየች። «ድስቴ ውስጥ ምንድን ነው የከተትሽው?»

«በር ነው።»

«ምን?»

«እስኪከፈት እያየሁ ነው።»

«ሻዩን አንቺ ትጠጪዋለሽ» ብላ ወጣች።

ቀስ ብላ ተከፈተች። የላይኛው ሰሃን ከቦታው ሲላቀቅ፣ የታችኛው በዚያው ቅጽበት ወደ ታች ወረደ። በማንኪያ አውጥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኳት፤ ሁለቱም ተመለሱ። እንደገና ሻዩ ውስጥ። አንዱ ሲከፍት ሌላው ሊዘጋ ይወርዳል። ምኑን ነው የሚዘጋው? ሮጬ ሄጄ ከወንበሩ ጀርባ እጄን አስገባሁና የተነቀለችበትን ቦታ ዳሰስኩ። ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ ነበር።

ውሃ ሰነፍ ነው። አጭር መንገድ እያለለት ረጅሙን አይሄድም። በሚኒባሱ ራዲያተሩ እዚያው አፍንጫው ሥር ስለሆነ ቴርሞስታት ኖረም አልኖረም ይደርሳል። እዚህ ግን ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ከፊት፣ በመካከላቸው የመኪናዋ ሙሉ ርዝመት። ያ የታችኛው ቀዳዳ ክፍት ሲቀር ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይሽከረከራል፣ እየፈላ፤ ፊት ያለው ራዲያተር ሞልቶ ቀዝቅዞ ቁጭ ይላል። ራሳችን ነን የምናፈላት።

ለአጎቴ ነገርኩት። ደስ አላለውም።

«ስንት መኪና ያለ ቴርሞስታት ከዚህ ወጥቷል?»

«ብዙ።»

«ታዲያ?»

«የነሱ ሞተር ከፊት ነው። አስነሳትና የፊቱን ቱቦ ንካው።»

አስነሳት። ከኋላ ያለው ቱቦ እጅ ያቃጥላል፤ የፊቱ የምንጭ ውሃ ነው። አጎቴ አንድ እጁን የፊቱ ቱቦ ላይ እንዳደረገ፣ ሳያየኝ የሌላኛውን መዳፍ ዘረጋ። «አምጪያት» አለ።

በማግስቱ ገጠምናት። የፊቱ ቱቦ አሁንም አልሞቀም። ስንገጥማት ውሃው በፈሰሰበት ረጅም ቱቦ ውስጥ አየር ታፍኗል፤ አየሩ ካልወጣ ውሃው አያልፍም። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ መነሳት አለበት። መኪና የምናነሳበት ክሪክ ግን ለጭነት መኪና የተሠራ ነው፤ ከሥሯ አይገባም። በዚህ ስንጨቃጨቅ ልጆቹ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

ከፊት የሚሄደው ረጅም ነው፤ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሯል። ከመካከላቸው አንዱን አውቀዋለሁ፣ ባጃጁን እኛ ጋ የሚያሠራ ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ።

«ይቺ ናት?» አለ ረጅሙ።

«ይቺ ናት» አልኩት።

«የማን ናት?»

«ሱሉልታ ያለ ጎረምሳ። ኢንቨስተር ቢሆን እኛ ጋ ያሠራታል?»

አጎቴ በጎን አየኝ።

«ክፈቺው» አለ ረጅሙ፣ የፊቱን ኮፈን በእግሩ እየጠቆመ። ከፈትኩለት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። «ሞተሯን በልታችሁታል?»

ከኋላው ያሉት ሳቁ። ባለባጃጁ ዞሮ ክፍቱን ክዳን አገኘው። «እንደኔዋ ከኋላ ናት» አለ። «ባጃጅ ናታ።» አሁን ሁሉም ወደዚያ ሄዱ። አንዱ ቱርቦውን በጣቱ እየነካ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሌላው መልሶ ለጓደኛው በኦሮምኛ አብራራለት፣ ከኔ በተሻለ። ረጅሙ ግን አልሳቀም።

ኦቦ በድርቆሹ በኩል መጡ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ግማሹ ነው የገባኝ። ስለ ላሞቹ፣ ስለ ድርቆሹ፣ እሳት ዘመድ ስላለማወቁ። ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ ሰማና በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ ይመስለኛል፣ «ኦቦ፣ ማሳዎት ላይ አጥር ሲያጥሩ ማን ጠየቅዎት?» አለ።

«ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። «ለዚህ ነው እኔ አንተን የምጠይቅህ።»

እኔ መሃል ገባሁ። «እንድትወጣ ከፈለጋችሁ አፍንጫዋን አንሱልኝ» አልኩ።

ረጅሙ አየኝ፣ ኦቦን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። አንድ አምስት ሆነው ከፊት ገቡባትና ብድግ አደረጓት፤ ሌሎቹ ከፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ደለደሉ። ድንጋዩ ከአስፋልቱ የመጣ ነው፤ ጠዋት መንገድ ሲዘጋ የነበረው። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ እንዳየ አስነሳናት፤ ከፊት ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ አላላሁ። መጀመሪያ ፉጨት ወጣ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ መትፋት ጀመረች፣ አየር፣ ቡናማ ውሃ፣ እንደገና አየር። በመጨረሻ ሳይቆራረጥ ውሃ ብቻ ፈሰሰ። ረጅሙ ማንም ሳይጠይቀው እጁን ራዲያተሩ ላይ አደረገ።

«ሞቀ» አለ። ወዲያው ፊቱን መለሰና «ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሰን እናያለን» ብሎ ይዟቸው ወጣ።

ጎረምሳው ተደውሎለት ከሱሉልታ ታክሲ እየቀያየረ መጣ። ከዓለም ገና ወዲህ በእግሩ ነው። መሪውን ሲይዝ እኔ የሌላኛውን ወንበር በር ከፍቼ አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር።

«ውጪ» አለ አጎቴ።

«ብትፈላ ማን ያውቅላታል?»

«ሞተሩን አንቺ ታውቂያለሽ። መንገዱ ላይ ያሉትን የሚያውቁት ኦቦ ናቸው። ሌላ ወንበር ደግሞ የለም።»

እውነቱን ነው። አናደደኝ፣ ግን እውነቱን ነው። ኦቦ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እያቃሰቱ ገቡ። ዱላቸው አልገባም አለ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ወጣ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ መዳፋቸውን ትኩሱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አደረግኩላቸው።

«ኦቦ፣ ትኩስ እስከነፋ ድረስ ውሃው እየሄደ ነው። ከቀዘቀዘ አቁመህ አጥፋ በሉት። ትኩስ እያለ መንገድ ላይ ቢያስቆሟችሁ ግን ቶሎ እንዳያጠፋት፤ ቱርቦዋ ትንሽ ትተንፍስ።»

«ትኩስ፣ ሂድ። ቀዝቃዛ፣ ቁም። ቶሎ አታጥፋ» ብለው እንደ ዳዊት ደገሙት።

ከበሩ ስትወጣ ከአንድ ቦታ ድንጋይ መጥቶ የኋላ መብራቷን ሰበረው። ማን እንደወረወረው አላየሁም። አልቆመችም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ስልክም ያን ከሰዓት ተቋረጠ። አጎቴ አንድ ሚኒባስ ከፍቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ ዘጋው። በዓለም ገና በኩል ጢስ ይታይ ነበር፤ የጎማ ይሁን የሌላ ከዚህ ሆኖ አይለይም። ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅሙ ተመለሰ፣ ከሁለት ልጆች ጋር። በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ቦታ አየ። የቀረው ድንጋዩና የፈሰሰው ውሃ ነበር። «ደኅና እደሩ» ብሎ ሄደ። አጎቴ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠው።

ኦቦ ሊጨልም ሲል፣ ከዓለም ገና ወዲህ በእግራቸው መጥተው ደረሱ። በር ላይ ያዝኳቸው።

«እንዴት ሆነች?»

«እስከ አየር ጤና እጄ ተጠበሰ» አሉ። «ዓለም ገና ላይ ልጆቹ ድንጋይ ደርድረው ያዙን። አጥፋ አሉት፣ ሊያጠፋ እጁን ሰደደ። ሂን ዳምሲን፣ አታጥፋ አልኩት፤ ኦሮምኛ አይሰማም፣ ግን ከድምፄ ገባው። እጅዎ ምን እያደረገ ነው አሉኝ። ትኩሳቷን እየለካሁ ነው አልኳቸው። አንዱ በሳቅ ወደቀ። የዚህኛውን አባት አውቀዋለሁ። ኢጆሌ፣ ልጆች፣ የታመመ አይያዝም አልኳቸው፤ ድንጋዩን አነሱት።» ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ከጀርባዬ ግን አንድ የሚያፏጭ ነገር ነበር» አሉ።

«ቱርቦው ነው። ጢሱ መዘውር እያዞረ።»

«ጢስ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እኛ ያየነው ጢስ ሥራ አልነበረውም» ብለው ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

ስልክ ሲመለስ ጎረምሳው ደወለ። ዳገቱን ሳትፈላ ወጥታ ሱሉልታ ደርሳለች። የቤቱ በር ላይ ግን ቱርቦው የጠበሰው ሌላ ቱቦ ፈንድቷል። «እናንተ ጋ ላምጣት?» ሲል አጎቴ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። አታምጣት አልኩት። ከዘጋሁት በኋላ ቆጨኝ፤ ያ ቱቦ የትኛው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን አንድ ሚኒባስ እየፈላ ገባ። አጎቴ እንደ ልማዱ ቴርሞስታቱን ነቀለና ሊጥለው እጁን አነሳ። እኔን አየኝ። እጁን አወረደና ቴርሞስታቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«በይ ሻይ ጣጂ» አለኝ።